ሒሳቡ በር ላይ፦ ኤልም፣ ግሊም፣ ሪስክሪፕትና ኤፍ ሻርፕ ለዌብ ሥራ ሲመዘኑ

አንድ የክፍያ ሰርቨር በላከው ጄሰን (ፕሮግራሞች ዳታ የሚለዋወጡበት የጽሑፍ ቅርጽ) ውስጥ የገንዘቡ መጠን "250.00" ተብሎ በጥቅስ ምልክት ታጥሮ መጥቷል። ቁጥር ይመስላል፤ ግን ጽሑፍ ነው። ኮዱን በታይፕስክሪፕት (ታይፕ በተጨመረበት ጃቫስክሪፕት) የጻፈው ሰው መጠኑ ቁጥር ነው ብሎ ታይፕ፣ ማለትም የዳታ ዓይነት፣ አውጥቶለታል፤ የመጣውንም ጄሰን «አዝ» በምትለዋ ቃል ወደዚያ ታይፕ አሻግሮታል። ኮምፓይለሩ (ኮዱን የሚፈትሸውና የሚተረጉመው ፕሮግራም) አልተቃወመም፣ ኤዲተሩም ቀይ መስመር አላሰመረም። የ50 ብር ማድረሻ ሲደመርበት ግን ደንበኛው የሚያየው 300 ሳይሆን 250.0050 ነው። ጃቫስክሪፕት ጽሑፍና ቁጥር ደምር ሲባል ጎን ለጎን ይለጥፋቸዋል፤ ታይፕስክሪፕት ደግሞ በዚያ ሰዓት በቦታው የለም፤ ታይፖቹ ኮምፓይል ሲደረግ ተራግፈው ቀርተዋል።

ታይፕ ያለው ፈንክሽናል (ፕሮግራሙ በፋንክሽኖች የሚገነባበት) ቋንቋ ለዌብ የሚያማርጥ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያነጻጽረው የአጻጻፉን ውበት ነው። ውበቱ በሁለተኛው ሳምንት ይለመዳል። ዓመት ሙሉ የሚያስቸግረው በሩ ነው፦ ከውጭ የሚገባውን ዳታ ማን ይፈትሸዋል? ቋንቋው የማይችለው ሥራ ሲመጣስ ወደ ጃቫስክሪፕት የሚወጣው በየት በኩል ነው? ስለዚህ አራቱን ቋንቋዎች እዚህ የምንመዝነው በአንድ የደረሰኝ ቅጽ ነው። ቅጹ ሦስት ነገር ይቀበላል፦ ያንን "250.00"፣ የ150 ሚሊዮን ብር ደረሰኝ ከ15 በመቶ ተ.እ.ታ. ጋር፣ እና «ኃ/ሥላሴ» የሚል የአባት ስም።

ኤልም

ኤልም የተወለደው እ.ኤ.አ. በ2012 ከኢቫን ቻፕሊኪ የመመረቂያ ጽሑፍ ነው። ሥራው አንድ ብቻ ነው፤ ብራውዘር ላይ የሚታየውን ገጽ መሥራት። ሰርቨር አይጻፍበትም። ፕሮግራሙ ሦስት ክፍል አለው፦ የገጹን ሁኔታ የሚይዝ ሞዴል፣ መልእክት ተቀብሎ ሞዴሉን የሚቀይር አፕዴት፣ ከሞዴሉ ገጹን የሚሥል ቪው። ሪአክት (የጃቫስክሪፕት የገጽ መሥሪያ) ላይ ሪዳክስ (የገጹን ሁኔታ መያዣ) የነካ ሰው ነገሩ አዲስ አይሆንበትም፤ ሪዳክስ ከኤልም መቅዳቱን ራሱ ይናገራልና።

ወደ በሩ እንምጣ። ኤልም ውስጥ ጄሰን የሚገባው በዲኮደር፣ ማለትም ጄሰኑን ፈትሾ ወደ ታይፕ በሚለውጥ ኮድ፣ ብቻ ነው። «መጠን የሚለው ፊልድ ውስጥ ሙሉ ቁጥር አለ» ብላችሁ ትጽፋላችሁ፤ "250.00" በጽሑፍ ሲመጣ ዲኮደሩ ይከሽፋል፣ መልእክቱም የትኛው ፊልድ ላይ እንደተሰናከለ፣ ምን እንደጠበቀና ምን እንዳገኘ ለይቶ ያሳያል። ገጹ አይፈርስም፤ ውጤቱ «ተሳክቷል» እና «ከሽፏል» የሚሉ ሁለት ቅርንጫፎች ስላሉት ሁለቱንም ሳትጽፉ ኮምፓይለሩ አያሳልፋችሁም። ቀጥሎ ጽሑፍ የሚቀበል ዲኮደር ጽፋችሁ ወደ ሳንቲም መለወጥ ነው። ወደ ፍሎት (ነጥብ ያለው ቁጥር) አትለውጡት፤ ነጥቡ ላይ ቁረጡትና ግራውን በ100 አባዝታችሁ ቀኙን ደምሩ። እዚህ አንድ ወጥመድ አለ፦ ሰርቨሩ "250.5" ብሎ ከላከ ቀኙ 5 ሳይሆን 50 ሳንቲም ነው። በስተቀኝ ዜሮ ሞልታችሁ ሁለት አኃዝ ካላደረጋችሁት 45 ሳንቲም ጠፋ ማለት ነው፤ ይህን ደግሞ ማንም ታይፕ አይይዝላችሁም።

ዲኮደር ላይ ጀማሪን በብዛት የሚጥሉት ሁለት ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው «ሜይቢ» የሚባለው ዲኮደር ነው። ሰው «ፊልዱ ላይኖር ይችላል» ለማለት ይጠቀምበታል፤ እሱ ግን ፊልዱ ኖሮ ዓይነቱ የተሳሳተ ሲሆንም ዝም ብሎ «የለም» ይላል። ቅናሹ በጽሑፍ ከመጣ ቅናሽ እንደሌለ ይቆጠራል፣ ደንበኛው ሙሉ ዋጋ ይከፍላል፣ ስህተቱም የትም አይታይም። በሱ ፋንታ፣ ፊልዱ ሁሌ የሚመጣ ሆኖ ባዶ ሊሆን የሚችል ከሆነ «ነለብል» ነው፤ ጭራሽ ላይመጣ የሚችል ከሆነ ደግሞ ከዲኮድ ፓይፕላይን ፓኬጅ «ኦፕሽናል»ን ውሰዱ፤ ይኸኛው ፊልዱ ሲጎድል ይታገሣል፣ ዓይነቱ ሲበላሽ ግን ይጮኻል። ያ ፓኬጅ ለማንኛውም ያስፈልጋችኋል፤ የቋንቋው የራሱ «ማፕ» የሚያቆመው ስምንት ፊልድ ላይ ነው።

ሁለተኛው የፊልዶች ቅደም ተከተል ነው። ፓይፕላይኑ ፊልዶቹን የሚያስገባው ሬኮርዱ (ፊልዶቹን በአንድ የሚይዘው ታይፕ) በታወጀበት ተራ እንጂ በስማቸው አይደለም። ስምና ስልክ ሁለቱም ጽሑፍ ከሆኑ፣ አንዱን ከአንዱ አስቀድማችሁ ብትጽፉ ኮምፓይለሩ ምንም አይልም፤ ደረሰኙ ላይ ግን የስሙ ቦታ 09 ብሎ ይጀምራል። መድኃኒቱ ለስልክ የራሱን ታይፕ መስጠት ነው። ሁለት መስመር ናት፤ ሳትሰንፉ ጻፏት።

ስሙ ጋ ስንመጣ ኤልም አማርኛ ጸሐፊውን በቀጥታ የሚያደናቅፍበት ቦታ አለ። «ፊደል ነው ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው ፋንክሽን፣ በቻር ሞጁል ውስጥ ያለው «ኢዝ አልፋ»፣ የሚያውቀው የላቲን ፊደላትን ብቻ ነው፤ ከኤ እስከ ዜድ። ቅጹን በሱ ካረጋገጣችሁ «አበበ» ስም አይደለም ተብሎ ይመለሳል። የግዕዝ ፊደላት ዋናው መደብ በዩኒኮድ ከ4608 እስከ 4954 ባለው ውስጥ ስለሆነ የቁምፊውን ኮድ ወስዶ በዚያ መካከል መሆኑን ማየት ነው፤ ከዚያ በላይ ያሉት «።» እና እንደ ፩፣ ፪ ያሉት አኃዞች ናቸው። ክፍት ቦታና እዝባሩንም (/) ፍቀዱ፤ ካልሆነ ገብረ ማርያምም ኃ/ሥላሴም አይገቡም። ኃይሉና ሀይሉ ሲፈለጉ አንድ እንዲሆኑ ከተፈለገ ደግሞ ከውጭ የማይከፈት «የመፈለጊያ ስም» የሚባል ታይፕ አውጡ፤ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነርባታቸው የሚለውጠው ፋንክሽን ብቻ ይሥራው። ያልተስተካከለ ስም ወደ ፍለጋው የሚገባበት ቀዳዳ አይኖርም፤ ያለዚያ ግን አንዱ ባልደረባ አንድ ቀን ይረሳል።

መውጫው እንዴት ነው? ኤልም ጃቫስክሪፕትን በቀጥታ ጠርቶ መልስ አይቀበልም። ያለው ፖርት ነው፤ መልእክት ይልካል፣ መልሱ ካለ በሌላ ፖርት በኋላ ይመጣል። ለካርታ ወይም ለፋይል ይህ ምንም አይደለም። ለኢትዮጵያ ቀን ግን ያንገሸግሻል። የብራውዘሩ ኢንትል የተባለው መሣሪያ የእኛን ካላንደር ያውቀዋል፤ ቀን ሰጥታችሁት «መስከረም 1» ብሎ ይመልሳል። አንድ ሠንጠረዥ ላይ 200 ቀን ካለ ግን 200 መልእክት በፖርት ማመላለስ ሥራ አይደለም። እዚህ ጋ ከስተም ኤለመንት ይሻላል፦ ሚሊሰከንዱን በአትሪቢዩት ተቀብሎ ቀኑን ራሱ የሚጽፍ ታግ፣ ከ20 መስመር ያነሰ ጃቫስክሪፕት። ኤልም እንደ ማንኛውም ታግ ይሥለዋል፣ ውስጡን አይነካውም። ሦስተኛው በር ፍላግ ነው፤ ፕሮግራሙ ሲነሳ የሚቀበለው ዳታ። ታይፑን «ሙሉ ቁጥር» ብላችሁ ካወጃችሁና ሌላ ከመጣ ፕሮግራሙ ጨርሶ አይነሳም። ጥሬ ጄሰን አድርጋችሁ ተቀበሉትና በዲኮደር ክፈቱት።

«ኤልም ሥራ ላይ አይወድቅም» የሚባለው ለእውነት የቀረበ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም። ሁለት ፋንክሽኖችን በ == ብታወዳድሩ ይወድቃል። ራሱን በጥልቀት የሚጠራ፣ ጥሪው መጨረሻ ላይ ያልሆነ ፋንክሽን ቁልሉን (ጥሪዎች የሚጠራቀሙበትን ሜሞሪ) ሞልቶ ይወድቃል። ከሁሉም በላይ ግን ችግር የሚያመጣው የብራውዘሩ መተርጎሚያ ነው። ተጠቃሚው «ገጹን ተርጉም» ሲል ብራውዘሩ ጽሑፎቹን በራሱ ታግ ይጠቀልላቸዋል፤ ኤልም ደግሞ ገጹ እሱ በተወው ሁኔታ ላይ እንዳለ ይገምትና ያልነበረ ነገር ሊቀይር ሄዶ ይሰበራል። ሪአክትም ከዚህ አያመልጥም። ገጹ አማርኛ ከሆነ የገጹን ቋንቋ በኤችቲኤምኤሉ ላይ አማርኛ ብላችሁ አውጁ፣ ኤልሙ ለሚቀመጥበት ታግ «አይተርጎም» የሚለውን አትሪቢዩት ስጡት፣ ደግሞም ሙሉውን ገጽ ከሚወስደው አፕሊኬሽን ይልቅ አንድ ዲቭ ላይ ብቻ የሚሰቀለውን ኤለመንት ምረጡ።

ለመጫን ስታዘጋጁ «ዲበግ» የሚል ጥሪ አንድ እንኳ ከቀረ ኦፕቲማይዝ (ፋይሉን የሚያሳንሰው የኮምፓይለሩ ቅንብር) አይሠራም፤ ኮምፓይለሩ ያለበትን ሞጁል ይነግራችኋል። ከዚያ የሚወጣውን ፋይል አግሊፋይ በተባለው የጃቫስክሪፕት መጭመቂያ ሁለት ጊዜ አሳልፉት፤ በመጀመሪያው ጊዜ የኤልም ውስጣዊ ፋንክሽኖች ንጹሕ መሆናቸውን ዘርዝሮ መንገር፣ በሁለተኛው ስሞቹን ማሳጠር። ዝርዝሩን ትታችሁ እንደ ማንኛውም ጃቫስክሪፕት ብትጨምቁት ጥቅም ላይ ያልዋለው ኮድ አብሮ ይቀራል። ኤልም 0.19 ሲወጣ ሪልወርልድ የተባለው የናሙና አፕሊኬሽን ተጨምቆ 29 ኪሎባይት ነበር፤ በሞባይል ዳታ ለሚከፍት ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ቅሬታው አንድ ነው፣ እሱም ከባድ ነው። 0.19 የወጣው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2018፣ 0.19.1 ደግሞ በጥቅምት 2019 ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው እርምጃ የኤሊ ነው። ከ0.19 ጀምሮ ጃቫስክሪፕትን በቀጥታ የሚጠራ ፓኬጅ መጻፍ ለቋንቋው ባለቤቶች ብቻ የተተወ ነው። ይህ በሩን ያጠነከረውም፣ ብዙ ሰው ያስኮረፈውም ነገር ነው። በሌላ በኩል በ2019 የተጻፈ ኮድ ዛሬም በዚያው ኮምፓይለር ሳይነካ ይሠራል፤ ስንት የጃቫስክሪፕት ፕሮጀክት ይህን ይላል?

ስለ 150 ሚሊዮኑ ብር

ገንዘብን በሳንቲም፣ በሙሉ ቁጥር መያዝ ሁሉም የሚመክረው ነው። ትክክልም ነው። ግን ሙሉ ቁጥር በእነዚህ ቋንቋዎች አንድ ዓይነት አይደለም፤ ብር ደግሞ አኃዙ ቶሎ የሚረዝም ገንዘብ ነው።

በ32 ቢት የሚያዝ ቁጥር ጣሪያው 2,147,483,647 ነው። በሳንቲም ሲታሰብ 21,474,836 ብር ከ47። ሪስክሪፕት ውስጥ ሙሉ ቁጥር 32 ቢት ነው፤ ድምሩም በየጊዜው ወደ 32 ቢት ይቆረጣል። የ12 ሚሊዮን ብር ሁለት ቤቶች ቢደመሩ 24 ሚሊዮን ሳይሆን ከዜሮ በታች 18,949,672 ብር ከ96 ሳንቲም ይወጣል። ኤረር የለም። ታይፑ ትክክል ነው። በኋላ የምናነሳው ሌላው ቋንቋ ፒዩርስክሪፕትም እንደዚሁ ነው። በሪስክሪፕት ለገንዘብ ፍሎት ያዙ፤ ሙሉ ቁጥርን እስከ 9,007,199,254,740,991 ሳያዛንፍ ይይዛል፤ ወይም ቢግኢንት (ጣሪያ የሌለው ሙሉ ቁጥር)።

ኤልም መደመርና ማባዛት ላይ አይቆርጥም፤ የሚቆርጠው በ // ሲያካፍል ነው። ተ.እ.ታ.ን «መጠኑ ሲባዛ በ15 ሲካፈል ለ100» ብላችሁ ብትጽፉ ለወራት በትክክል ይሠራል፤ የ150 ሚሊዮን ብር ደረሰኝ ሲመጣ ግን 22,500,000 መሆን የሚገባው ታክስ ከዜሮ በታች 20,449,672 ብር ከ96 ይሆናል፤ ውጤቱ በሳንቲም ጣሪያውን አልፏልና። «ትራንኬት»ም ያው ችግር አለበት። ወደ ፍሎት ለውጦ በ / ማካፈልና «ፍሎር» ማድረግ ያድናል፤ ፍሎር አይቆርጥም።

ግሊም ሰርቨር ላይ፣ በኤርላንግ (በሚተረጎምበት የሰርቨር ቋንቋ) ሲሄድ፣ የቁጥር ጣሪያ የለውም። ያው ኮድ ወደ ጃቫስክሪፕት ሲተረጎም ግን ከላይ ባለው ባለ 16 አኃዝ ቁጥር ላይ ትክክለኛነቱ ያበቃል። ለገንዘብ ይበቃል፤ ለረጅም መለያ ቁጥር ግን አይበቃም፣ መለያ ቁጥርን በጽሑፍ ያዙት። ኤፍ ሻርፕ ዴሲማል የሚባል ለገንዘብ የተሠራ ታይፕ አለው፤ ፌብል የተባለው የኤፍ ሻርፕ ተርጓሚ ወደ ጃቫስክሪፕት ሲለውጠውም ሒሳቡ ይጠበቃል። በዚህ ፈተና አንደኛ የወጣው ያለ ክርክር እሱ ነው።

አንድ ተጨማሪ ነገር፦ ሙሉ ቁጥርን ለዜሮ ማካፈል በኤልምም (በ //) በግሊምም 0 ነው የሚሰጠው፤ ሪስክሪፕት ደግሞ ኤክሴፕሽን ይወረውራል። አማካይ የምታወጡ ከሆነ አስቡበት።

ግሊም

የሉዊስ ፒልፎልድ ቋንቋ ነው፤ 1.0 የወጣው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024። ኮምፓይለሩ፣ ፎርማተሩ፣ የኤዲተሩ ረዳት ሁሉም በአንድ ፋይል ይመጣሉ። ለሰርቨር ወደ ኤርላንግ፣ ለብራውዘር ወደ ጃቫስክሪፕት ይተረጎማል። ገጹን በለስተር (አሠራሩ የኤልምን ይመስላል)፣ ሰርቨሩን በዊስፕና በሚስት መሥራት ይቻላል።

አሠራሩ ሦስት ፎልደር ነው፦ ክላየንት፣ ሰርቨርና የጋራ። የደረሰኙ ታይፕ፣ ዲኮደሩና ወደ ጄሰን የሚለውጠው ፋንክሽን በጋራው ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ሌሎቹ ሁለቱ በፓዝ ይጠሩታል። ክላየንቱ ላይ ታርጌቱ ጃቫስክሪፕት መሆኑን በግሊም ዶት ቶምል (የፕሮጀክቱ ቅንብር ፋይል) ውስጥ መጻፍ አትርሱ። የጋራው ውስጥ ኤርላንግ ብቻ የሚያውቀው ፋንክሽን ከገባና ክላየንቱ ከጠራው ኮምፓይል አይሆንም፤ ጊዜን ወይም ፋይልን የሚነካ ፓኬጅ ስትጨምሩ መጀመሪያ ይህን እዩ።

በሩ ላይ ግሊም ከኤልም አንድ እርምጃ ይሻላል። ዲኮደሩ የሚጻፈው «ዩዝ» በሚል ቃል መስመር በመስመር ነው፤ «መጠን የሚለውን ፊልድ በሙሉ ቁጥር አንብበህ መጠን በለው»፣ ቀጥሎ «ስልክ የሚለውን አንብበህ ስልክ በለው»። እያንዳንዱ ዋጋ ስም ስላለውና ሬኮርዱም በስም ስለሚሞላ የስምና የስልክ መቀያየር በጣም ይቀንሳል። "250.00" ሲመጣ የሚመለሰው ስህተት የተጠበቀው ሙሉ ቁጥር፣ የተገኘው ጽሑፍ፣ ቦታው «መጠን» መሆኑን በዝርዝር ይዟል። ዲኮደሩን መጻፍ ለሰለቸው ደግሞ ኤዲተሩ ታይፑን አይቶ ራሱ ይጽፍለታል።

የሚያስቸግረው ምንድን ነው? ከሊኑክስ ማከማቻ የሚመጣው ኤርላንግ ብዙ ጊዜ ያረጀ ነው፤ የግሊም ጄሰን ፓኬጅ ከ2.0 ወዲህ ኦቲፒ 27 (የኤርላንግ 27ኛ ቨርዥን) ይፈልጋል። መጀመሪያ የኤርላንጉን ቁጥር አጣሩ። ሁለተኛ፣ የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ ስትጠሩ ያወጃችሁትን ታይፕ ግሊም አምኖ ይቀበላል፤ አይፈትሽም። ጽሑፍና ቁጥር እንዳሉ ያልፋሉ፤ የግሊም ሊስት ግን የጃቫስክሪፕት አሬይ አይደለም፣ እርስ በርሱ የተያያዘ ሰንሰለት ነው። እንዳለ ለቻርት ላይብረሪ ብትሰጡት ባዶ ቻርት ታያላችሁ። በድንበሩ ፋይል ላይ ወደ አሬይ ለውጡት። ሦስተኛ «ሌት አሰርት» ነው፤ በየምሳሌው ስለሚታይ ጀማሪ ይለምደዋል። «ይህ አይከሽፍም፣ ከከሸፈ ውደቅ» ማለት ነው። ኤርላንግ ላይ የሚወድቀው ያንን ጥያቄ የያዘው ፕሮሰስ ብቻ ነው፣ ሰርቨሩ ይቀጥላል፤ ብራውዘር ላይ ግን እንደዚያ የሚያነሳ የለም።

ለአማርኛ ጽሑፍ ደስ ይላል። የጽሑፍ ርዝመት የሚቆጥረው በዓይን በሚታይ ፊደል ነው፤ ሰላም 3 ነው። በባይት ሲለካ ግን 9 ነው፣ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ይወስዳልና። በ255 ባይት የተገደበ ቦታ 85 ፊደል ብቻ ይይዛል ማለት ነው፤ የእንግሊዝኛውን ልክ ይዞ ቅጽ የሠራ ሰው ረጅም አድራሻ ላይ ይቆረጥበታል።

ሪስክሪፕት

ሪአክት ላይ የቆመ ፕሮጀክት ካላችሁና መጣል ካልፈለጋችሁ ሌላውን ሁሉ ዝለሉና ወደዚህ ኑ። ኮምፓይል ሲያደርግ በጣም ፈጣን ነው፣ የሚያወጣው ጃቫስክሪፕትም ሰው የጻፈው ይመስላል፤ አንድ ኮምፖነንት ቀይሮ ሌላውን በነበረበት መተው ይቻላል።

በሩ ግን ክፍት ነው። ከጃቫስክሪፕት የሚመጣ ማንኛውም ነገር «ኤክስተርናል» በሚል መስመር ይታወጃል፤ ያወጃችሁት ታይፕ ያለ ፍተሻ ይታመናል። ጄሰንን በአግባቡ ከፍቶ ማየት ይቻላል፤ ነገር ግን «%አይደንቲቲ» የምትባል አቋራጭ አለች፣ አንዱን ታይፕ ሌላ ነው ብላ የምታሻግር። ከታይፕስክሪፕቱ «አዝ» ምንም አትለይም፤ 250.0050ን መልሳ ታመጣለች። ኮድ ስትገመግሙ በፕሮጀክቱ ሁሉ ፈልጓት፤ በተገኘችበት ሁሉ ለምን እንደገባች የሚያስረዳ ኮሜንት ከሌለ ትውጣ።

ሌላው ራስ ምታት ታሪኩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ስሙን ከመቀየሩ በፊት በክልስክሪፕት ነበር፣ የሚጻፍበትም አገባብ ሪዝን ይባል ነበር። ኢንተርኔት ላይ የሚገኘው ምሳሌ ግማሹ የዚያ ዘመን ነው፤ ሲቀዳ አይሠራም። 11ኛው ቨርዥን ደግሞ ፋንክሽን የሚጠራበትን ደንብ ስለቀየረ አርጉመንቱን አጉድሎ በመጥራት ላይ የቆመ የቆየ ኮድ ይሰበራል። የምትጠቀሙበትን ቨርዥን ማንዋል ብቻ ያዙ።

ኤፍ ሻርፕ

ቢሮው ዶትኔት (ኤፍ ሻርፕ የሚሠራበት የማይክሮሶፍት መድረክ) ከሆነ ምርጫው ተወስኗል ማለት ይቻላል። ሰርቨሩ በጂራፍ፣ ገጹ በፌብልና በኤልሚሽ፤ ፌብል ሪሞቲንግን ከተጠቀማችሁ ሰርቨሩና ብራውዘሩ አንድ ታይፕ ስለሚጋሩ በመካከላቸው ዲኮደር መጻፍ ይቀራል። ከውጭ ድርጅት ለሚመጣ ጄሰን ግን ቶት ዶት ጄሰንን ጨምሩ፤ አሠራሩ የኤልም ዲኮደር ነው።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። የክፍያ ሁኔታን «በመጠባበቅ»፣ «ተከፍሏል»፣ «ከሽፏል» ብላችሁ ይዛችሁ በኋላ «ተመላሽ» ብትጨምሩ ኤልምና ግሊም ያልተስተካከለውን ቦታ ሁሉ እስክትሞሉ ኮምፓይል አያደርጉም። ኤፍ ሻርፕ ግን ማስጠንቀቂያ ቁጥር 25ን አሳይቶ ይቀጥላል፤ ማስጠንቀቂያ ደግሞ ከመቶዎቹ መካከል ይጠፋል። በፕሮጀክቱ ፋይል ውስጥ ይህን ቁጥር ወደ ኤረር ቀይሩት፤ ፕሮጀክት ሲከፈት የመጀመሪያው ሥራ ይህ ይሁን። በአራቱም ቋንቋ ቢሆን «የቀረውን ሁሉ» የምትለው _ ይህን ጥበቃ ታጠፋዋለች፤ ሁኔታ በሚለይበት ቦታ አትጠቀሙባት። ሁለተኛው ኑል (ባዶ ዋጋ) ነው፤ በሲ ሻርፕ ከተጻፈ ላይብረሪ ይገባል። ፋይሎቹ በፕሮጀክቱ ውስጥ የሚዘረዘሩበት ተራም ግዴታ ነው፤ ከታች ያለው ላይኛውን ያያል፣ ላይኛው የታችኛውን አያይም። አዲስ ሰው «ሞጁሉ አለ፣ ግን አላገኘውም አለኝ» ካለ መልሱ ይኸው ነው።

ስለ ፒዩርስክሪፕትና ሃስክል

ፒዩርስክሪፕት ከሁሉም የበለጠ ኃይል ያለው የታይፕ ሥርዓት አለው፤ የስህተት መልእክቱም ከሁሉም ይረዝማል። ሃስክል የሚያውቅ ቡድን ይወደዋል፤ ሌላው ይቅርበት። ሃስክልን ራሱን ለሰርቨር የሚያስብ ሰው የጂኤችሲ (የሃስክል ኮምፓይለር) ጭነት በጊጋባይት የሚቆጠር መሆኑንና ትልቅ ፕሮጀክት ሲገነባ ሜሞሪ ክፉኛ እንደሚበላ ይወቅ፤ ባለ 8 ጊጋ ላፕቶፕ ላይ ብራውዘር ከፍቶ መሥራት ያስለቅሳል።

እንግዲህ ምን ይያዝ?

ቅጽ የበዛበት፣ አንድ ወይም ሁለት ሰው ለዓመታት የሚጠብቀው የውስጥ ሥራ ከሆነ ኤልም። ሰርቨሩም ገጹም ከዜሮ የሚጀመር ከሆነ ግሊም፤ ዛሬ ለአዲስ ሥራ እኛ የምንመርጠው እሱን ነው፣ ላይብረሪው ገና ለጋ ቢሆንም። ሰው በየስድስት ወሩ የሚቀያየርበት ቢሮ ግን ከአራቱ አንዱንም አይያዝ። በማስታወቂያ የሚገኘው የሪአክትና የታይፕስክሪፕት ባለሙያ ነው። እዚያ ታይፕስክሪፕትን በስትሪክት፣ አሬይ በኢንዴክስ ሲነበብ «ላይኖር ይችላል» የሚያሰኘውን ቅንብር አብርቶ፣ ከሰርቨር የሚመጣውን ሁሉ ዞድ በተባለው ዳታ ፈታሽ ላይብረሪ አሳልፎ መሥራት አብዛኛውን ጥቅም ያስገኛል። "250.00" ዞድ ላይ ይያዛል። የማይገኘው የዲሲፕሊን ዋስትና ነው፤ አንድ ሰው ዞድን ዘሎ «አዝ» ቢጽፍ የሚከለክለው የለም።

ኤልምን ለመሞከር የሚፈልግ ሙሉ ፕሮጀክት አይገልብጥ። ያለው ገጽ ላይ አንድ ዲቭ ጨምሮ የደረሰኝ ቅጹን ብቻ በኤልም ይሥራ፤ የሚልከውንና የሚቀበለውን በሁለት ፖርት ይወስን፤ የመጀመሪያው ቀን ሥራው ዲኮደሩና የስም ማረጋገጫው ይሁን፣ መልኩ ይቆይ። ኮምፓይለሩ አንድ ፋይል ነው፣ ፓኬጆቹም አንዴ ከወረዱ ኔትወርክ ቢጠፋም ኮምፓይል ማድረግ ይቀጥላል። ቡድኑ ካልወደደው ማፍረሱ ቀላል ነው፤ ዲቩን አውጥቶ፣ የፖርቶቹን ጥቂት መስመሮችና አንድ ፎልደር መሰረዝ።